ከቅቤው በታች

ፍሪጁ ውስጥ፣ ከቅቤው በታች ባለው መደርደሪያ፣
ተኝታለች አማሊያ።
በካርቶን ሣጥን፣ በአፈርና በቅጠል ተከናንባ፣
አንገቷን፣ እግሯን፣ ጭራዋን ሰብስባ፣
ወደ ራሷ ገብታ፣
አምስት ዲግሪ ላይ፣ ሌትን ከቀን ረስታ።

ወተት ሊያወጣ የከፈተ እንግዳ ደንግጦ «ምንድን ናት?»
ይለኛል። እመልሳለሁ፦ «እመቤት ናት።»

ቪብከ በሰባት ዓመቷ ከአጎቷ የተቀበለቻት፣
ከእኔ አስቀድማ የወደደቻት፣
በሠርጋችን ማግስት በቅርጫት ያመጣቻት።
በሐምሌ፣ ሆስፒታሉ መስኮት አጠገብ ሆና፣
«አማሊያን አደራ» አለች፤ ስለ እኔ ዝም አለችና
ትንሽ ቅር አለኝ።
አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል።

በጥቅምት ጾም አስያዝኳት፤ ቅጠል ከለከልኳት፤
በየማለዳው ለብ ባለ ውሃ ነከርኳት፣
ሆዷ ባዶ እስኪሆን። ያለ ቄስ፣ ያለ ደወል
ሦስት ሳምንት ጾመች፤ ዓይኗ ግን «ሌባ» ሳይል
አንድም ቀን አላለፈም።

አርባ ዓመት በፍሌንስቡርግ ወደብ ዓሣ መዛኝ ነበርኩ፤
በቶን ነው የማስበው፤ ግራም የሚሉትን ንቄ ኖርኩ።
አሁን እሑድ እሑድ እጄን በውሃ አቀዝቅዤ፣
ሙቀቴ እንዳይቀሰቅሳት፤ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አስይዤ፣
እንደ እንቁላል በሁለት መዳፌ ይዤ
አስቀምጣታለሁ። አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
በሳምንቱ፣ አሥራ አንድ። በሳምንቱ፣ ዘጠኝ።
ሁለት ግራም ጎደለና ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ደብተሩ ሰማያዊ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት፤
ሠላሳ ስድስት ክረምት በቪብከ ጠባብ ጽሕፈት፤
ቀን፣ ግራም፣ ዲግሪ። ከዳር ደግሞ በእርሳስ፦
«ሂነርክ ዛሬም ‹ሞታለች ወይ?› ብሎ ጠየቀ።»
ከዓመት በኋላ፦ «ሂነርክ ጠየቀ።»
ከአምስት ዓመት በኋላ፦ «ሂ. ጠየቀ።»
ከዚያ ወዲህ፣ ገጽ በገጽ፣ «ሂ.» ብቻ።

በጥር አጋማሽ ነፋሱ ከባልቲክ ተነሣ፤
ጀልባ ሲያላጋ፣ የጣራውን ሸክላ ሲያነሣ፣
መብራት ጠፋ። ፍሪጁ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።
ቤቱ ውስጥ ግን የምሽቱ ሙቀት ገና አለ።
በሙቀት ብትነቃ ስንቋን ያለጊዜው ትጨርሳለች፤
ውርጭ ቢነካት ደግሞ ትታወራለች።
ሣጥኑን አቅፌ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ወረድኩ፤
ካፖርቴን ደርቤ፣ ቴርሞሜትሩን በሻማ እያየሁ ተቀመጥኩ።
ሦስት ሲል፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፤
ሰባት ሲል፣ አንድ ደረጃ ወደ ታች፤
በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣
ስንወጣ ስንወርድ አደርን፤ እሷ ተኝታ፣ እኔ ነቅቼ።

ሊነጋ ሲል የላይኛው ፎቅ ልጅ፣ ስቬያ፣
በፒጃማዋ ላይ የአባቷን ሹራብ ደርባ፣
ባትሪዋን ሣጥኑ ላይ አበራች፤ ቀስ ብላ ቀርባ
«ሞታለች?» አለችኝ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት የእኔ የነበረ ጥያቄ
ከሌላ አፍ ወጣ። ልመልስ ብዬ፣ ተጨንቄ፣
የቪብከን መልስ ፈለግሁ። ደብተሩ ውስጥ የለም፤
ጥያቄዬን እንጂ መልሷን አልጻፈችም።
«አላውቅም» አልኳት። «እየጠበቅሁ ነው።»
ምንም አላለች። ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።
ከዳር በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ስ. ጠየቀች።»

መጋቢት ላይ፣ ቅቤ ልቀባ ስከፍት፣ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት።
ለብ ያለ ውሃ በሳሕን አቀረብኩ። አገጯን ነክራ
ጠጣች፤ ጠጣች፤ የምታቆም አልመሰለኝም።
ከዚያ ወጥ ቤቱን፣ እንደ ልማዷ፣ በዝግታ አቋርጣ
ከቪብከ ወንበር ሥር ገባች፤ አልወጣ
አለች።

ሰላጣውን እዚያው ወሰድኩላት።